የኤፍሬም አባት የት ገባ?

በፊልሞቻችን ውስጥ ሰው አይበላም። ይጋበዛል፣ ይጎራረሳል፣ ብርጭቆ ያነሣል፣ በሆቴል ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ ይጣላል ወይም ይታረቃል፤ ነገር ግን በልቶ አይጠግብም፣ ጦሙንም አያድርም። ምግቡን ማን እንደ ሠራው፣ እህሉ ከየት እንደ መጣ፣ ሊጡ ስንት ቀን እንደ ቦካ፣ ከሰሉ በስንት እንደ ተገዛ የሚጠይቅ ካሜራ እምብዛም አይገኝም። ዶሮ ወጥ የበዓልን መድረስ ለማብሠር ለአፍታ ብልጭ ይልና ይሰወራል። የቤት ሠራተኛዋ ትሪ ይዛ ትገባለች፣ አስቀምጣም ትወጣለች፤ ዋናው ነገር የሚጀመረው እሷ ከወጣች በኋላ ነው ተብሎ ይታሰባል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ዋናው ነገር እሷ በተመለሰችበት ክፍል ውስጥ ነው የሚል ነው።

ክርክሩን ያስነሣው በጥበብ ሰዎች ዘንድ እየተደጋገመ የሚሰማ ክስ ነው። ክሱም «ዘገምተኛ ፊልም ለሕዝባችን አይሆንም፤ የሚሠራው ለፈረንጅ ፌስቲቫል ነው» ይላል። የፊልም ነጋዴ ይህን ቢል ትኬት የሚሸጥ ሰው ነውና ብዙ አይፈረድበትም። የሚያስገርመው መምህራንና የባህል ሠራተኞች፣ ማለትም የሕዝቡን የመመልከት ችሎታ የማሳደግ ኃላፊነት የተጣለባቸው ወገኖች፣ የነጋዴውን ቃል ተቀብለው እንደ ጥናት ውጤት ማስተጋባታቸው ነው።

እንደ ማስረጃ ሊጠቀስ የሚችለው የቅርብ ፊልም ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» ነው። ፊልሙ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በካን የፊልም ፌስቲቫል «አን ሰርታን ርጋር» በተባለው ክፍል የቀረበ ሲሆን፣ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። አዘጋጁ በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ የፊልም ትምህርቱንም በኒው ዮርክ የተከታተለ ሰው ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ኤፍሬም የተባለ ልጅ እናቱን በረኀብ ዘመን ያጣል። አባቱ ልጁን፣ ጩኒ ብሎ ከሚጠራው በግ ጋር፣ ወደ ሩቅ ዘመዶች ወስዶ ያስጠጋውና እሱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ እርሻ አይሆንለትም፤ ምግብ መሥራት ግን ይሆንለታል። አጎቱ ወንድ ልጅ ከምድጃ ሥር መገኘቱን ይንቃል፤ ጩኒንም ለመጪው በዓል እንዲያርድ ያዘዋል። ልጁ ሳምቡሳ እየጠበሰ፣ በገበያ እየሸጠ፣ ጩኒን ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ያጠራቅማል።

ከሳሾቹ «እና ምን ተፈጸመ?» ይላሉ። የተፈጸመውን ላመልክት። አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ አፍ ያለበት፣ ጎተራው የሳሳ ቤት አባወራ ነው። ለእሱ በግ ሥጋ ነው፤ ለልጁ ደግሞ ከእናቱ ቤት የተረፈ የመጨረሻ ዘመድ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚታረደው በግ የቤቱ ምግብ ነው፤ በጉን ከእርድ የሚያድነውም ልጁ የሚጠብሰው ምግብ ነው። ይህን ተቃርኖ በአንድ ንግግር ማስረዳት ይቻላል፤ ብዙ ፊልሞቻችንም እንዲሁ ያደርጋሉ፣ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ነገሩን ሁሉ ያብራራል። «ላምብ» ግን ዘይቱ እስኪግል፣ ሊጡ እስኪዳመጥ፣ ልጁ ጣቶቹን እስኪያቃጥል ይጠብቃል። ከጠበቀ በኋላ ሳንቲሙ በእጁ ሲገባ የሳንቲሙን ክብደት ተመልካቹ ራሱ ያውቀዋል።

ዘገምተኛነት የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ እንመርምር። የእንጀራ ሊጥ ከተቦካ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል፤ አብሲት ይጣልለታል፣ ተመልሶ እስኪነሣ ይጠበቃል። ቆጮ ከዚህ ይብሳል። እንሰቱ ለዓመታት በጓሮ አድጎ ከተቆረጠ በኋላ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይወቀጣል፣ ዝቃጩ በቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት ይቀበራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የሚፈሰው ጉልበት በአብዛኛው የሴት ጉልበት ነው። ይህን ጉልበት በሁለት ሰከንድ ቆርጦ የሚያልፍ አዘጋጅ የጊዜ ቁጠባ አላደረገም፤ የአንዲትን ላብ አደር የሥራ ቀን ሰርዟል። ምግቡን እንግዳ ሆኖ የቀመሰ ሰው «ቶሎ መጣ» ይላል፤ ያበሰለችው ግን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ቆማለች። በእንግዳው ሰዓት የሚለካ ሲኒማ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ የተስተናጋጁን ወገን ይዟል።

ሕዝባችን ትዕግሥት የለውም የሚለውም አባባል መረጃ የሌለው ነው። ሦስተኛው ስኒ፣ በረካው፣ እስኪቀዳ ተቀምጦ የሚጫወት ሕዝብ ነው። በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር ቤቶች ረጅም ተውኔት እስከ ፍጻሜው የሚከታተል፣ በሽምግልና ጥላ ሥር የአንድን በደል ዝርዝር ከማለዳ እስከ ማታ የሚያዳምጥ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን አምጥቶ ነበር፤ የጥበብ ባለሙያዎቻችንም ተቃውሞ አሰሙ። ተቃውሞው ምክንያት ነበረው። ሆኖም ተመልካቹ ለወራት የተከታተለው ምን እንደ ነበር ልብ ያለ ጥቂት ነው። ለወራት የተከታተለው የቱርክ ቤተሰብ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ፣ ዝም ሲል፣ ሲተያይ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ውስጥ የኢስታንቡል የቁርስ ጠረጴዛ ከቡራዩ ሸማኔ ማዕድ ይልቅ ይታወቃል። ለዚህ ቱርኮች አይወቀሱም።

ስለ ስደተኛ ቤተሰብና ስለ ምግብ በተሠሩ ፊልሞች መካከል ለክርክራችን ይበልጥ የሚጠቅመው ከቱኒዝያ የተወለደው አብደላጢፍ ከሺሽ እ.ኤ.አ. በ2007 በፈረንሳይ ያዘጋጀው ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ «የፍሬው ምሥጢር» በሚል ርእስ ይታወቃል። በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በማግሥቱም ዓመት በፈረንሳይ የሴዛርን የምርጥ ፊልም ሽልማት አግኝቷል። ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ስሊማን የተባለ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ ወዛደር፣ ሴት በተባለች የደቡብ ፈረንሳይ ወደብ ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ሲጠግን ኖሮ በስልሳ አንድ ዓመቱ ከሥራ ይገፋል። አሮጌ መርከብ ወስዶ የዓሣ ኩስኩስ የሚሸጥበት ምግብ ቤት ሊያደርገው ያስባል፤ ኩስኩሱንም የምታበስለው ቀድሞ የፈታት ሚስቱ ናት። ለአገሩ ሹማምንትና ለባንክ ሰዎች የመክፈቻ ግብዣ ይደረጋል። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ኩስኩሱ ግን በልጁ መኪና ውስጥ ተረስቶ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሲኒማ ታሪክ ውስጥ ከሚታወቁት እጅግ አስጨናቂ ጥበቃዎች አንዱ ነው። ሽማግሌው የጠፋውን ምግብ ፍለጋ ሲወጣ ሞተር ብስክሌቱን ሕፃናት ይሰርቁትና እያሾፉ ያስሮጡታል። የአሁኗ ወዳጁ ልጅ እንግዶቹ ተሰላችተው እንዳይነሡ ወገቧን አስራ ትጨፍራለች። እዚህ ላይ «ፊልሙ ተንዛዛ» የሚል ተመልካች በመርከቡ ላይ ከተቀመጡት ሹማምንት እንደ አንዱ ሆኗል። አዘጋጁም ይህንኑ ፈልጎ ነው። ስደተኛው በአገሩ ሕዝብ ዘንድ እንዲቀመጥ የሚፈቀድለት ምግቡ ሳይዘገይ እስከ ደረሰ ብቻ እንደሆነ ያለ አንዲት መፈክር ያሳያል። ከዚህ በፊት ያየነው ረጅሙ የቤተሰብ ምሳ፣ ዓሣ በእጅ እየተፈለፈለ፣ አፍ ሞልቶ እየተወራ የሚያልፈው ትዕይንት ባይኖር ኖሮ ግን የድስቱ መጥፋት ተራ አጋጣሚ ይሆን ነበር። እዚያ ማዕድ ላይ ስለተቀመጥን ምን እንደ ጠፋ እናውቃለን።

እንግዲህ «ላምብ»ን ከሚወዱት ወገን ሆኜ የማነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። የኤፍሬም አባት የት ገባ?

አባትየው ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ካሜራው ከልጁ ጋር በተራራው ላይ ይቀራል። ተራራው ውብ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ካሜራው ከምድጃው ይልቅ ተራራውን የወደደ ይመስለኛል። የአባትየውን መንገድ ግን እኛ እናውቀዋለን። ከጎጃምና ከጎንደር በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባን ከማየቱ በፊት ሱሉልታን ያያል። ከወለጋና ከአምቦ የሚመጣ ቡራዩን ያያል። ከጅማ የሚመጣ በሰበታ በኩል፣ ከአርባ ምንጭና ከሆሳዕና በቡታጅራ የሚመጣም በሰበታዋ ዓለም ገና በኩል ይገባል። ብዙው ከዚያ አያልፍም። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አይቀመስምና፣ የቀን ሥራው ከተማ ውስጥ ቢሆን እንኳ አዳሩ በነዚህ ከተሞች ይሆናል። ሰበታ ፋብሪካ አለ፤ ቢራው ከነሜታ አቦ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ ሥር የሸማኔውና የቀን ሠራተኛው መጠጊያ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ወተትና ድርቆሽ ሣር ወደ ከተማ የሚወርድበት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በዚያው ዓመት በአካባቢው በርካታ ቤቶች ሲፈርሱ ምድጃዎችም አብረው ፈርሰዋል፤ ይህንንም የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሪፖርት አውጥቶበታል።

አባትየውን ተከትሎ የሚገባ ፊልም ምን ያገኛል? በመጀመሪያ ከረጢቱን ያገኛል። ከገጠር የሚመጣ ሰው በሶ ይይዛል፣ ድርቆሽ እንጀራ ይይዛል፤ ከእናቱ ወይም ከሚስቱ እጅ የወጣ፣ ሳይበላሽ የሚቆይ ስንቅ ነው። በሶው በስኳር ውሃ እየተበጠበጠ ከሳምንት ሳምንት ይቀንሳል። አንድ ቀን የከረጢቱ ታች ይራገፋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው የከተማ ሰው ነው፣ ዳቦ በሻይ የሚበላ። ይህ አንድ ሙሉ የፊልም ምዕራፍ ነው፤ አንድም ቃል አያስፈልገውም። ቀጥሎ ኪራይ ቤቱን ያገኛል። አንድ ክፍል ውስጥ አራትና አምስት ሆነው የሚያድሩ ወንዶች አሉ፤ እንደ ኤፍሬም አጎት ምድጃ የሴት ነው ብለው ያደጉ ናቸው፣ አሁን ግን ሽሮ የሚያማስለው በተራ ነው። ሚስቱን ያመጣ እንደሆነ አከራይቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ትከለክላለች፤ እንጀራ ከጉልት ይገዛል፤ እንጀራ በመጋገር የታወቀች ባለሙያ የሌላ ሴት እንጀራ ገዝታ ስታቀርብ ፊቷን ማሳየት ብቻ በቂ ድራማ ነው። ስደት የሚባለው ባሕር ተሻግሮ ብቻ የሚደረግ የሚመስለን ካለን፣ ይህችን ሴት በቤይሩት ማድቤት የሌላውን ልጅ ከምታበላው እኅቷ ጎን አስቀምጦ ማየት ነው። ሁለቱም የገዛ ምድጃቸውን አጥተዋል።

እስካሁን ያልኩት የጣዕም ክርክር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ቀለም ባላፈሰስኩበት ነበር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተነሣው ጥቃት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጠቁት መካከል ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ቤተሰቦች ይገኙበታል። በየትምህርት ቤቱ ለተጠለሉት የአዲስ አበባ ነዋሪ እንጀራና ዳቦ፣ ውሃና ልብስ ተሸክሞ ሄደ። በአርባ ምንጭ ቁጣ የገነፈለባቸው ወጣቶች ወደ በቀል ሲያመሩ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያን ምስል አገር ሁሉ በስልክ አየው። እኔ ግን በሲኒማ ቤት እስካሁን አላየሁትም።

በዚያ ሰሞን ከየአፉ ይሰማ የነበረው ቃል «መጤ» ነው። ይህ ቃል ሰውን ከመጣበት ቀን ጋር አስሮ የሚያስቀር ነው፤ ከመጣ በኋላ የሠራውን፣ የወለደውን፣ የቀበረውን ይሰርዝበታል። የፖለቲካ ንግግር ለዚህ ቃል መልስ ለመስጠት ሞክሯል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ሌላ መፈክር ነው። ሲኒማ ግን ሌላ መልስ አለው፤ ጊዜን ማሳየት ይችላልና። ሸማኔው እግሩን በሸማው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ሚስቱ ጥጥ ስትፈትል፣ ለበዓል ከመርካቶ የተገዛው ቆጮ በምጣድ ላይ ሲበስል፣ ዳጣው ሲደቆስ ለሃያ ደቂቃ የተመለከተ ሰው «መጤ» የሚለውን ቃል በዚያ ቤት ላይ ለመለጠፍ ይቸገራል። አይለጥፍም አልልም። ይቸገራል።

ይህ እንዲሆን ግን ካሜራው የአስተናጋጁንም ምድጃ ማየት አለበት፤ አለዚያ ፊልሙ ክስ ብቻ ይሆናል። በነዚህ ከተሞች ዳር ያለው የኦሮሞ ገበሬ በገዛ ቀዬው የተፈናቀለ ሰው ነው። ጤፍና ገብስ ያበቅል የነበረው መሬት የቤት መሥሪያ ቦታና የፋብሪካ ግቢ ሆኗል፤ በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሥቶበት በ2008 ዓ.ም. የተሰረዘው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የማስተር ፕላን ጉዳይም ከዚሁ ቁስል የተነሣ ነው። ከማሳው ካሣ ተቀብሎ ዘበኛ የሆነ ገበሬ፣ ከራሱ ላም ይጠጣ የነበረውን እርጎ ከሱቅ በላስቲክ ሲገዛ፣ ሚስቱም ጭኮ የምታሽበት ገብስ ከገበያ ስትሸምት፣ እሱም እንደ ጎረቤቱ ሸማኔ ከምድጃው ርቋል። ሁለቱ በአንድ የውሃ ቧንቧ ተራ ይጠብቃሉ። ይህን ያህል ቁም ነገር በአንድ ግቢ ተጎራብቶ የሚገኝበት ቦታ እያለ፣ ፊልም ሠሪዎቻችን የመዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ተከራይተው ስለ ውርስ ሙግት ይቀርፃሉ። የንዑስ ከበርቴ ምኞት ከእውነቱ ይልቅ ለመብራት ባለሙያው ስለሚመች ይሆን?

ስለ ባህል መሥሪያ ቤቶቻችንም ዝም ብል አድልዎ ይሆናል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 በብሔር ብሔረሰቦች ቀን የየብሔረሰቡ ምግብ በጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ፊቱም ስሙ ይለጠፋል። ባለሥልጣን ይጎበኛል፣ ይቀምሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በሐሳቡ ላይ ተቃውሞ የለኝም። ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ቆጮ ማንም ያልተራበለት፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ያልፋቀው፣ ሌላ ጎረቤት ያልቀመሰው ቆጮ ሆኖ ይቀርባል። የባህል ዘጋቢ ፊልሞቻችን አብዛኛዎቹ የዚህ ጠረጴዛ ተንቀሳቃሽ ቅጂዎች ናቸው፤ ጭፈራ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ብሔረሰብ። አንድ ብሔረሰብ ከሌላው ጋር በአንድ ማድቤት ጨው ሲበዳደር አይታይም። በከተማ ዙሪያ የሚኖረው ሰው ግን የሚኖረው ጨው በመበዳደር ነው።

በሌላ በኩል ዘገምተኛነትን እንደ ማዕረግ የሚለብሱ ወጣት አዘጋጆች ይህን ጽሑፍ እንደ ድጋፍ እንዳይወስዱት አሳስባለሁ። አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ለአምስት ደቂቃ ወደ ውጭ ማስመልከት ጥልቀት አይፈጥርም፤ ምን እንደምታይ አዘጋጁም አያውቅም። ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. ክረምት የቀረፀው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ የበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሄድ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን የተሠራ ፊልም ነው። ገበሬው ከጎህ ጀምሮ ለባለ መሬቱ ሲያርስ የሚፈጀው ጊዜ በፊልሙም ይፈጃል። እዚያ ዝግታው የሚለካው በጉልበት ነው፤ ሰውዬው ቶሎ ሊጨርስ ቢችል ፊልሙም ያጥር ነበር። ይህ ሥራ እያለን ዘገምተኛ ፊልም የፈረንጅ ፌስቲቫል ፋሽን ነው ማለት የራስን ቅርስ አለማወቅ ነው፤ ወጣቶቹም መለኪያውን ከዚሁ ቢወስዱ ይሻላቸዋል።

አንድ ተግባራዊ እንቅፋት ይቀራል፤ ወደፊት በማኅበራችን ውስጥ መጨቃጨቂያ ስለሚሆን ከአሁኑ ላንሣው። አባትየውን ተከትሎ ወደ ቡራዩ የሚገባው ፊልም በአንድ ቋንቋ ሊሠራ አይችልም። የሸማኔው ሚስት የሽንኩርቱን ዋጋ በኦሮምኛ ትጠይቃለች፣ በአማርኛ ትከራከራለች፣ ልጇን በጋሞኛ ትቆጣለች፤ ይህን ሁሉ አንድ ጉልት ፊት ቆማ። ፊልም የሚገመግሙ ወገኖች ግን «ፊልሙ የየትኛው ቋንቋ ፊልም ነው? በየትኛው ዘርፍ ይወዳደር?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ አዘጋጁም ፎርም ለመሙላት ሲል ሁሉንም በአማርኛ ያስነግራታል። ከሥዕሉ ግርጌ የጽሑፍ ትርጉም ማስገባት የሚጠይቀው ወጪ አንድ ቪላ ለአንድ ሳምንት ከመከራየት ያነሰ ነው። ቅጹን የሚያዘጋጁ ሰዎች ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ይኖራሉና፣ በቅጹ ላይ ቋንቋ በሚለው ፊት ለሦስት መልስ የሚሆን ቦታ ይተዉ።